ለምድር የሚከፈል ዕዳ

የጎጃም ጤፍ፣ የአርሲ ስንዴና የወለጋ በቆሎ በጭነት መኪና ተጭኖ አዲስ አበባ በገባ ቁጥር፣ ከእህሉ ጋር አብሮ የሚጓዝ፣ በሚዛን ያልተመዘነና ዋጋም ያልተቆረጠለት ሌላ ሀብት አለ፤ ይኸውም ሰብሉ ክረምቱን ሙሉ ከአፈር ውስጥ በሥሩ እየሳበ ለፍሬው ያቀበለው ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና ፖታሲየም ነው። ይህ ሀብት በከተማው ማዕድ ላይ ቀርቦ ከተበላ በኋላ አይጠፋም፤ በማደግ ላይ ካለ ሕፃን በቀር የሰው አካል በምግብ የተቀበላቸውን እነዚህን ንጥረ ነገሮች ከሞላ ጎደል መልሶ ያወጣቸዋልና። የወጣው ግን ወደ መጣበት ማሳ አይመለስም። ከፊሉ በጉድጓድ ተቀብሮ ይቀራል፤ ከፊሉ በወንዝ ይወርዳል፤ ከፊሉም በማጣሪያ ጣቢያ ደርቆ ይከመራል። እንዲህ ገጠሩ ዘወትር ሰጪ፣ ከተማው ዘወትር ተቀባይ ሆኖ ሲኖር፣ ከተማ ከምድር የተበደረው ዕዳ ሳይከፈል ከዓመት ወደ ዓመት ይተላለፋል። ይህ ዕዳ ሊከፈል እንደሚችል፣ መከፈልም እንደሚገባው አምናለሁ፤ አንዱ መክፈያውም ከመጸዳጃ ቤትና ከፍሳሽ ማጣሪያ የሚወጣውን ዝቃጭ በሥርዓት አበስብሶና በሙቀት አንጽቶ፣ ኮምፖስት አድርጎ ለደከመው መሬት መመለስ ነው።

የምድራችን መድከም ከማንም የተሰወረ አይደለም። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት 40 በመቶ ያህሉ በአሲድነት የተጠቃ መሆኑን የአፈር ሊቃውንት ደጋግመው አስታውቀዋል። ዝናብ በሚበዛበት በምዕራቡ ደጋ፣ ማለት በጎጃምና በወለጋ፣ ካልሲየሙና ማግኒዚየሙ ከዘመን ብዛት በውኃ ታጥቦ ስለ ሄደ፣ በአፈሩ ውስጥ የበረታው አሉሚኒየም የሰብሉን ሥር ያኮሰምነዋል፤ ፎስፎረሱንም አስሮ ስለሚይዘው፣ ገበሬው ማዳበሪያ ገዝቶ ቢበትን እንኳ ሰብሉ የሚያገኘው ከተበተነው ጥቂቱን ብቻ ነው። በአዊ፣ በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ብዙ ገበሬዎች አባቶቻቸው እህል ሲያመርቱበት በኖሩት ማሳ ላይ ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ተክለው ከሰል ወደ ማክሰል የዞሩበት አንዱ ምክንያት፣ መሬቱ ለዘር የሚመልሰው ፍሬ እያነሰ መሄዱ ነው።

በዚህም ላይ ደን በተመናመነበት ደጋ የከብቱ ፍግ ኩበት ሆኖ ወደ ምድጃ ይገባል፤ ገለባውና አገዳው የከብት ቀለብና የቤት መክደኛ ይሆናል። ገበሬውን በዚህ የሚወቅስ ቢኖር የወቀሳውን ቦታ ስቷል፤ ልጆቹ ጥሬ እንዳይበሉ እሳት ማንደድ፣ በሬውም በበጋ እንዳይሞት ገለባ ማብላት ግድ ነውና። ነገር ግን ውጤቱ አንድ ነው፤ ወደ አፈር ሊመለስ ይገባው የነበረው ሁሉ አመድና ጢስ ሆኖ ሲቀር፣ ማሳው ዓመት በዓመት ይሰጣል እንጂ አይቀበልም። ለዚህ ጉድለት ከ1960 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ፣ ማለትም የቺላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በአርሲ ሥራውን ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ፣ መድኃኒት ተብሎ የተያዘው ከውጭ የሚመጣው ማዳበሪያ ነው። ዛሬ በጅቡቲ ወደብ በኩል በዓመት ከ10 ሚሊዮን ኩንታል በላይ ማዳበሪያ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ይገባል፤ በዩክሬን ጦርነት ምክንያት የዓለም ገበያ በታወከ ጊዜም፣ ጦርነቱን በስሙ እንኳ የማያውቀው ገበሬ በወረዳው መጋዘን በር ላይ ቆሞ ዋጋውን ከፍሏል።

እንግዲህ እያንዳንዳችን በየዓመቱ ወደ ጉድጓድ የምንጥለው ምን ያህል ነው? እንደ ምግቡ ዓይነትና ብዛት ይለያያል እንጂ፣ አንድ ሰው በዓመት በሽንቱና በዓይነ ምድሩ ከ2 እስከ 5 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን፣ እስከ ግማሽ ኪሎ ግራም የሚደርስም ፎስፎረስ ያወጣል። በዝቅተኛው ወገን ሄደን ለአንድ ሰው ሁለት ኪሎ ተኩል ናይትሮጅን ብቻ ብንቆጥር፣ 4 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ከሚኖርበት ከአዲስ አበባ በዓመት 10 ሺህ ቶን ይወጣል፤ ይህም ከ200 ሺህ ኩንታል በላይ ዩሪያ ውስጥ የሚገኘውን ያህል ነው። ይህ ሁሉ ተሰብስቦ ማሳ ይደርሳል ማለቴ አይደለም፤ ናይትሮጅኑ በአብዛኛው በሽንት ውስጥ ስለሚገኝ ከውኃው ጋር ይሄዳል፣ ሲበሰብስም ከፊሉ አየር ሆኖ ይተናል። ይሁን እንጂ ከዚህ ከፊሉ እንኳ ቢመለስ፣ ፎስፎረሱም ተጨምሮበት፣ በቸልታ የሚታለፍ ሀብት አይደለም፤ ምክንያቱም ፎስፎረስ ከአየር የማይገኝ፣ በዓለምም ላይ እንደ ሞሮኮ ካሉ ጥቂት አገሮች ምድር ተቆፍሮ የሚወጣና በሰው ሠራሽ ጥበብ የማይተካ ንጥረ ነገር ነው።

ይህን እውነት አበው በመጽሐፍ ሳይሆን በልምድ ያውቁት ነበር። በጉራጌና በሲዳማ የእንሰቱ ጓሮ ከቤቱ አጠገብ የሚሆነው፣ በሰሜኑም ደጋ ጎመኑ፣ ድንቹና በቆሎው ከደጃፍ ሳይርቅ የሚተከለው፣ ከቤት የሚወጣው ጥራጊ፣ አመድና ፍግ ሁሉ በመጀመሪያ የሚያርፈው በዚያ ስለ ሆነ ነው፤ ከቤት ወደ ሜዳ እየተራቀ በተሄደ መጠንም አፈሩ እየሳሳ ይሄዳል። በሩቅ ምሥራቅ ደግሞ ይህ ልማድ የአገር ሥርዓት ሆኖ ኖሯል። ፍራንክሊን ኪንግ የተባለው አሜሪካዊ የአፈር ሊቅ በ1909 እ.ኤ.አ. ቻይናን፣ ኮሪያንና ጃፓንን ዞሮ ካየ በኋላ በጻፈው መጽሐፍ፣ በሻንጋይ የውጭ ሰዎች መኖሪያ የነበረው ክፍለ ከተማ በ1908 እ.ኤ.አ. 78 ሺህ ቶን የመጸዳጃ ቤት ቆሻሻ የመሰብሰቡን መብት ለአንድ ቻይናዊ ተቋራጭ ሲሰጥ፣ ገንዘብ ሊከፍል ሲገባው ከ31 ሺህ የወርቅ ዶላር በላይ እንደ ተቀበለበት መዝግቧል። ነገር ግን በዚያም አገር ጥሬው ሳይበሰብስ ወደ ማሳ ይገባ ስለ ነበረ የሆድ ትል በሕዝቡ ላይ ጸንቶ ነበር፤ ስለዚህ ከእነርሱ ልንወስድ የሚገባን የመመለሱን ሐሳብ እንጂ የአመላለሱን መንገድ አይደለም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ብዙ ሰው ይህን ጉዳይ ሲሰማ በመጀመሪያ የሚያነሣው ጥያቄ፣ «የሰው ዓይነ ምድር በሚበላ ሰብል ላይ ይደረጋልን?» የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ መልሱ፣ ዛሬም እየተደረገ ነው፣ ያውም እጅግ በከፋው መንገድ፣ የሚል ነው። በአዲስ አበባ ብዙው ሕዝብ አሁንም የሚገለገለው በጉድጓድ መጸዳጃ ቤትና በሴፕቲክ ታንክ ነው፤ የሞላው ሳይመጠጥ ሲቀር፣ ወይም የክረምት ሌሊት ተገን ተደርጎ ሲለቀቅ፣ መድረሻው ትንሹና ትልቁ አቃቂ ወንዝ ነው። በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲያጣራ ታስቦ የተሠራው የቃሊቲ ማጣሪያ ጣቢያ ትልቅ ሥራ ቢሆንም፣ ከተማውን ሁሉ ሊያዳርስ አልቻለም። በእነዚሁ ወንዞች ዳርቻ፣ ከቄራ እስከ አቃቂ፣ ይህንኑ ውኃ እየጠጣ የሚያድገው ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን በየገበያው ይሸጣል፤ ብዙው ሰውም ከየት እንደ መጣ ሳይጠይቅ ይበላዋል። ገበሬዎቹን ለመንቀፍ አልተነሣሁም፤ ሌላ ውኃ የላቸውምና፣ ከተማውንም ለዘመናት በአትክልት የመገቡት እነርሱ ናቸው። ነገር ግን የወስፋቱ እንቁላልና የአተቱ ተሕዋሲ ሳይሞት፣ ከቆዳ ፋብሪካው ክሮሚየም ጋር ተደባልቆ፣ ጥሬ ወደሚበላ ቅጠል የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው። የቀረው ንጥረ ነገር ደግሞ ወርዶ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ሲደርስ እምቦጭን ያለመልማል፤ ማሳው ያጣውን ሲሳይ አረም ይመገበዋል። ስለዚህ በፊታችን ያለው ምርጫ በመጠቀምና ባለመጠቀም መካከል አይደለም፤ ያለ ሥርዓት በመጠቀምና በሥርዓት በመጠቀም መካከል ነው።

ሥርዓቱ ምን እንደ ሆነ ለማስረዳት፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት ስለ ሰው ሥጋ ሲያስተምሩ ከሚጠቅሷቸው ከአራቱ ባሕርያት፣ ማለት ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት የተሻለ መንገድ አላገኘሁም፤ የኮምፖስት ሥራ የሚፈጸመው አራቱ ተስማምተው ሲገኙ፣ የሚበላሸውም ከአራቱ አንዱ ሲጎድል ነውና። ስለ መሬቱ፣ ዝቃጩ ለብቻው ናይትሮጅን የበዛበት፣ ጭቃማና አየር የማያስገባ ስለ ሆነ፣ ካርቦን ከሚበዛበት ደረቅ ነገር፣ እንደ ሰጋቱራ፣ የቡና ገለፈት፣ የአበባ እርሻ ቁርጥራጭና የገበያ ጥራጊ ካለው ጋር፣ ካርቦኑ ከናይትሮጅኑ 25 ወይም 30 እጅ እስኪሆን ድረስ ይደባለቃል። ስለ ውኃው፣ ክምሩ ከክብደቱ ግማሽ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ እርጥበት ሊኖረው ይገባል፤ ሲደርቅ ሥራው ይቆማል፣ እጅግ ሲረጥብ ይገማል። ስለ ነፋሱ፣ የሚያበሰብሱት ረቂቃን ሕያዋን አየር የሚሹ ስለ ሆኑ ክምሩ በየጊዜው ይገላበጣል። እሳቱ ግን ከውጭ የሚጨመር አይደለም፤ እነዚያው ሕያዋን ሲሠሩ ከራሳቸው የሚወጣው ሙቀት ነው፤ በደንብ በተሠራ ክምር መካከልም ከ55 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ይደርሳል።

የሰውን ጤና የሚጠብቀው ይህ አራተኛው ባሕርይ ነው። ከተሕዋስያኑ ሁሉ ጽኑ የሆነው የወስፋት እንቁላል በቀዝቃዛና በረጠበ አፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል፤ ሙቀት ግን ያሸንፈዋል። አሜሪካ በ1993 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ፣ በክምር የሚበሰብስ ዝቃጭ ከ55 ዲግሪ ባላነሰ ሙቀት 15 ቀን እንዲቆይና በእነዚህ ቀናት ውስጥ አምስት ጊዜ እንዲገላበጥ ታዟል። መገላበጡም ያስፈለገው የሚሞቀው የክምሩ መካከል እንጂ ጠርዙ ስላልሆነ፣ ውጭ የነበረው ሁሉ በተራው ወደ ውስጥ ገብቶ በእሳቱ እንዲያልፍ ነው። ከዚያ በኋላ ክምሩ ለወራት ተቀምጦ ሲበስል፣ ጥቁርና ፍርክስክስ ያለ፣ ሽታውም የጫካ አፈር ሽታ የሆነ ነገር ይሆናል። ቴርሞሜትር ያልገባበት፣ ቀኑ ያልተመዘገበበት፣ በቤተ ሙከራም ያልተመረመረ ክምር ግን ምንም ያህል ጥቁር ቢሆን ኮምፖስት ተብሎ ሊሸጥ አይገባውም።

እንዲህ ተዘጋጅቶ ወደ ማሳ የገባ ኮምፖስት ለደከመ መሬት የሚሰጠው ጥቅም የዩሪያ ከረጢት ከሚሰጠው ይለያል። ዩሪያ ሰብሉን ይመግባል፤ ኮምፖስት ግን አፈሩን ራሱን ያክማል። አሸዋማው አፈር ውኃ እንዲይዝ፣ ከባዱ አፈር እንዲላላ ያደርጋል፤ በአሲዳማው አፈር ውስጥ መርዝ የሆነውን አሉሚኒየም አስሮ ይይዛል፤ ፎስፎረሱን በዝግታ ይለቅቃል፤ ለብዙው ማሳችን የጎደሉትን እንደ ዚንክ ያሉትን ጥቃቅን ንጥረ ነገሮችም ይጨምራል። ይህን ስል ከውጭ የሚመጣው ማዳበሪያ ይቅር ማለቴ አይደለም። ስሪላንካ በ2021 እ.ኤ.አ. የኬሚካል ማዳበሪያን በአንድ ጊዜ ከልክላ፣ የሩዝና የሻይ ምርቷ ስለ ወደቀ በዚያው ዓመት ትእዛዙን ለመሻር ተገድዳለች። ኮምፖስቱና ማዳበሪያው ተባብረው ሲገቡ ማዳበሪያው ከአፈር ሳይጠፋ ለሰብሉ ይደርሳል፤ አንዱ ሌላውን ያግዘዋል እንጂ አይተካውም።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ፤ ሁለቱም መልስ ይገባቸዋል። የመጀመሪያው የመጸየፍ ጉዳይ ነው። መጸየፍ በራሱ ክፉ ጠባይ አይደለም፤ ከበሽታ ሲጠብቀን የኖረ የተፈጥሮ ዘበኛ ነው። ነገር ግን ርኩስ የሚያሰኘው ነገሩ ሳይሆን ከቦታው ውጭ መገኘቱ ነው። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 23 እስራኤል ከሰፈር ውጭ በመቆፈሪያ ቆፍረው ከራሳቸው የወጣውን በአፈር እንዲከድኑት ታዘዋል፤ ይኸውም ቦታው አፈር መሆኑን ያመለክታል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ደግሞ ያላፈራችው በለስ ልትቆረጥ በተፈረደባት ጊዜ፣ የአትክልት ሠራተኛው ስለ እርሷ የለመነው አንድ ዓመት ብቻ ነበር፤ በዚያም ዓመት ሊያደርግላት ያሰበው ዙሪያዋን መኮትኮትና ፍግ መጨመር ነበር። ፍሬ ያጣውን መሬት ከመፍረድ አስቀድሞ ማዳበር እንደሚገባ የሚያስተምር ሕዝብ፣ በእሳት የነጻውን ኮምፖስት የሚጸየፍበት ምክንያት ሊኖረው አይችልም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመጀመሪያው የከበደ ነው፤ እርሱም ሙቀት የማይገድለው መርዝ ነው። እርሳስ፣ ካድሚየምና ክሮሚየም አይበሰብሱም፤ በተፈጥሮ የማይፈርሱ አንዳንድ የፋብሪካ ኬሚካሎችም እንዲሁ። ስዊዘርላንድ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፍሳሽ ዝቃጭ በእርሻ ላይ እንዳይውል ከልክላለች፤ በአሜሪካም የሜይን ግዛት በማሳዎቿና በጉድጓድ ውኃዋ ውስጥ እንዲህ ያሉ ኬሚካሎች ስለ ተገኙ በ2022 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ሕግ አውጥታለች። እነዚህን አገሮች ለዚህ ካበቋቸው ምክንያቶች አንዱ የቤቱን ፍሳሽና የፋብሪካውን ፍሳሽ በአንድ ቧንቧ ማስኬዳቸው ነው። እኛ ግን ገና በመጀመሪያው ላይ ስለሆንን ከእነርሱ ስሕተት ልንማር እንችላለን። ከመኖሪያ ቤት ጉድጓድ በመምጠጫ መኪና የሚወጣው ዝቃጭ ከቆዳ ፋብሪካና ከጋራዥ ዝቃጭ ጋር ካልተደባለቀ ከከባድ ብረቶች በእጅጉ የራቀ ስለሆነ፣ ሥራው ሊጀመር የሚገባው ከእርሱ ነው፤ ፋብሪካም ፍሳሹን በራሱ ግቢ ሳያጣራ ወደ ሕዝብ ቧንቧም ሆነ ወደ ወንዝ እንዳይለቅ የወጣው ሕግ በወረቀት ላይ ሳይቀር ሊፈጸም ይገባል።

ሥራው ከባዶ የሚጀመር አይደለም። በአርባ ምንጭ ከ2006 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ በተካሄደው ሮዛ በተባለው ፕሮጀክት፣ የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ሽንትንና ዓይነ ምድርን የሚለዩ መጸዳጃ ቤቶችን ከነዋሪዎች ጋር ሆኖ ሞክሯል፤ ኮምፖስት የማዘጋጀት ሥራም ተጀምሮ ነበር። በቃሊቲና በኮተቤ የዝቃጭ ማድረቂያ መደቦች አሉ፤ የጎደለው ማድረቁን ወደ ማብሰል ማሳደግ ነው። ለመደባለቂያ የሚሆነውም ደረቅ ነገር በከተማው ሞልቷል፤ ከአዲስ አበባ ቆሻሻ አብዛኛው የሚበሰብስ ዓይነት ሆኖ ሳለ ተጠራቅሞ ሲከመር ኖሮ፣ በመጋቢት 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ቀብሯል። ይህን ያህል ሕይወት ያጠፋውን ክምር ለሕይወት ማዋል ለሟቾቹም መታሰቢያ ይሆናል።

ስለዚህ መንግሥት አስቀድሞ ሕግ ያውጣ፤ ሕጉም የሙቀቱን መጠንና ቀን፣ የወስፋቱን እንቁላልና የከባድ ብረቶቹን ወሰን በግልጽ ይደንግግ፤ መርማሪውም ከአምራቹ የተለየ ይሁን። ኮምፖስቱ መጀመሪያ ለዛፍ ችግኝ፣ ለአበባና ለከብት መኖ፣ ቀጥሎ ተፈጭተውና በስለው ለሚበሉት ለጤፍ፣ ለስንዴና ለበቆሎ ይዋል፤ ጥሬ ለሚበላው ሰላጣና ካሮት ግን ጨርሶ አይቅረብ። ለአንድ ሄክታር ከ50 እስከ 100 ኩንታል ስለሚያስፈልግና ሸክሙ ስለሚከብድ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም ማጋዙ አያዋጣም፤ ለሱሉልታ፣ ለሰበታና ለቢሾፍቱ የአዲስ አበባው ይድረስ፤ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳና ደሴም ለየአካባቢያቸው የየራሳቸው ማዘጋጃ ይኑራቸው። በዚህ ሥራ ላይ የሚሰማሩት ሠራተኞች ጓንት፣ ቦት ጫማና ክትባት፣ ከሁሉም በላይ የሚገባቸውን ደመወዝና ክብር ያግኙ፤ የከተማን ሕዝብ ከበሽታ፣ የገጠሩንም ምድር ከመድከም የሚጠብቁ ናቸውና። ገበሬውም አይታለል፤ በከረጢቱ ላይ ከምን እንደ ተሠራ በአማርኛና በየአካባቢው ቋንቋ ተጽፎ፣ የምርመራው ውጤት ታትሞ፣ ወድዶና ፈቅዶ ይግዛ።

አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ ከማዕድህ የቀረበው እንጀራ የአንድ ገበሬ ማሳ ጉልበት ነው፤ ማሳው ግን ያለማቋረጥ እየሰጠ ሊኖር አይችልም። ከተሞቻችን የበሉትን ለምድር የሚመልሱበትን ሥርዓት ዛሬ ካልጀመሩ፣ ነገ የሚገዙት እህል አነስተኛና ውድ ይሆናል፤ ወንዞቻቸውም እንደ ቆሸሹ ይኖራሉ። ስለዚህ በየቀበሌህ ስብሰባ ላይ ስለ ፍሳሽ በተነሣ ጊዜ፣ ጉድጓዴ ይመጠጥልኝ ብለህ ብቻ አትቀመጥ፤ ከተመጠጠ በኋላ ወዴት ይሄዳል ብለህም ጠይቅ።